ጭስ ያልነደደ እንጨት ነው

«እሳት ሳይኖር ጭስ አይታይም» ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን አባቶችና እናቶች፣ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። እሳቱ በደንብ ሲነድ ጭስ ይበዛል? አይበዛም! ጭስ የሚበዛው እሳቱ ሲደክም ነው። እናታችን ከሩቅ ተሸክማ ያመጣችው እንጨት ሙቀት ሳይሰጥ ሾልኮ ሲወጣ ነው ጭስ የምንለው። ስለዚህ ጭስን መቆጣጠር ማለት ዓይንንም፣ ሳንባንም፣ ጉልበትንም ማዳን ነው።

በዋጫ አካባቢ የሚቸግረው እንጨት አይደለም፤ ደረቅ እንጨት ነው። የካፋ ምድር አብዛኛውን ዓመት ዝናብ አይለየውም። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ደግሞ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ሊሆን ይችላል። 20 ኪሎ እርጥብ እንጨት የተሸከመች እናት 10 ኪሎ ያህል ውኃ ተሸክማለች ማለት ነው። ምድጃ ውስጥ ሲገባም እሳቱ ጉልበቱን የሚጨርሰው ያንን ውኃ በማትነን ነው። ድስቱ አይፈላም፤ ቤቱ ይጨሳል፤ እሷ ጎንበስ ብላ እፍ ስትል ትውላለች።

ጭሱስ ምን ያደርጋል? ዓይን ማስለቀሱን ሁሉም ያውቃል። የማይታየው ይብሳል። ደቃቁ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ሕፃናትን ለሳንባ ምች፣ አዋቂዎችን ለልብና ለሳንባ በሽታ ይዳርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ከቤት ውስጥ ጭስ የተነሣ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከነዚህ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ነበር።

ጭስ የድሃ አገር ችግር ብቻ ነው እንዴ? አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1952 ለንደን ከተማ ለ5 ቀናት በድንጋይ ከሰል ጭስ ታፈነች። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። ከዚያ በኋላ በ1956 ሕግ ወጣ። በተከለሉ ሰፈሮች ከጭስ ማውጫ ጭስ መልቀቅ ተከለከለ። ለእኛ ማዕድ ቤት ግን ተቆጣጣሪ አይመጣም። ደንቡን የምናወጣው እኛው ነን። እነሆ ደንቡ፦

አንደኛ፦ እንጨቱን ፍለጡት። ፍልጥ ቶሎ ይደርቃል። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በድንጋይ ላይ ደርድሩት። ዝናብ እንዳይነካው ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ይሁን፤ ነፋስ ግን ይግባው። የክረምቱ እንጨት በበጋ ይዘጋጅ።

ሁለተኛ፦ ከማዕድ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከጣሪያው አጠገብ መስኮት አውጡ። ትኩስ ጭስ ወደ ላይ ይወጣልና መውጫውም ከላይ ይሁን።

ሦስተኛ፦ ሦስቱን ጉልቻ በተሻለ ምድጃ ለውጡ። በ1980ዎቹ በአገራችን የተዘጋጀው «ምርጥ» ምድጃ ከሲሚንቶ የሚሠራ ሲሆን ምጣዱን ዙሪያውን ይከባል። ከኋላው የሚወጣው ሙቀት ድስት ያበስላል። በጉልቻ ከመጋገር ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ ድረስ እንጨት ይቆጥባል። ካፋ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ደኑን ለመጠበቅ ከተሠሩት ሥራዎች አንዱም እንጨት ቆጣቢ ምድጃ ማዳረስ ነበር።

አራተኛ፦ ልጅ አዝላችሁ እሳት ዳር አትቀመጡ። ከሰል ደግሞ ባይጨስም መርዝ አለው። የነደደ ከሰል ይዞ በተዘጋ ቤት መተኛት ይገድላል።

«ጭስ እኮ ጣሪያውን ከተባይ፣ በቆሎውን ከነቀዝ ይጠብቃል» የሚሉ አባቶች አሉ። ልክ ናቸው። ታዲያ ጣሪያ ማጠን ካስፈለገ ልጆቹን አውጥቶ፣ ቀን ለይቶ ማጠን ይቻላል። የበቆሎውን ቤት ለማጠን ብሎ ሕፃን በየቀኑ ማጠን ግን ምን ይባላል?

አንድ ነገር ልጨምር። ቤቱን የሚሠራው ወንድ ነው፤ በጭስ የምትታጠነው ሴት ናት። መስኮት ማውጣት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ገንዘብም አያስወጣም። እንግዲያው አባቶች፣ በሚቀጥለው የማኅበር ስብሰባ ከመንገዱና ከማዳበሪያው ጋር ማዕድ ቤቱንም አጀንዳ አድርጉት። እናቶችም መጀመሪያ ይናገሩ፤ ጭሱን የሚያውቁት እነሱ ናቸውና። ማንበብ የቻላችሁ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ላልቻለው ጎረቤት አንብቡለት፤ መጥረቢያውንም አብራችሁ አንሡ።