«ያንን እንትን አምጭልኝ»

ቡናው ተቆልቶ ተወቅጧል። አያቴ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣ እጇን ዘረጋችና «ያንን… እንትኑን አምጭልኝ» አለች። የልጅ ልጇ ሙቀጫውን አቀበለቻት። ራሷን ነቀነቀች። ሲኒ ሰጠቻት፤ እሱም አይደለም። ከዚያ አያቴ ቃሉን በልጅነት ቋንቋዋ፣ በኽምጣኛ ተናገረችው። ልጅቱ አማርኛ ብቻ እየሰማች ያደገች ናትና አልገባትም። ሁለቱም ዝም አሉ። ጀበናው እዚያው ፊታቸው ነበር።

በሰቆጣና በዙሪያዋ ደጋ ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለ፤ «ጃጅታለች» ይባላል። ሌላው መጋኛ ነው ይላል። በየትኛውም ስም ቢጠራ ብዙ ጊዜ ታማሚዋን ሐኪም ቤት የሚወስዳት አይገኝም። እርጅና ስም ያዘገያል፤ በየቀኑ የምንነካውን ዕቃ ስም የሚያስጥለው ግን በሽታ ነው። በ1901 እ.ኤ.አ. በጀርመኗ ፍራንክፈርት ሐኪሙ አሎይስ አልዛይመር አውጉስተ ዴተር የምትባል የ51 ዓመት ሴት መረመረ። ስምሽን ጻፊ ሲላት «ወይዘሮ» ብላ ጀመረችና የቀረውን ረሳችው። በ1906 ስትሞት አንጎሏን አጥንቶ ያቀረበው ግኝት ዛሬ በእሱ ስም የሚጠራውን የመርሳት በሽታ ለዓለም አሳወቀ። እኛ ዘንድ ያው ምልክት «እንትን» ሆኖ ይመጣል። አማርኛችን ለጠፋ ቃል ሁሉ ምትክ የሚሆን ቃል ስላለው በሽታው ለዓመታት ተሸሽጎ ሊቆይ ይችላል። «እንትና እንትኑን እንትን አድርጎት» ሲባል ቤተሰቡ ይስቃል፤ ሦስቱም ቃላት እንደጠፉ ልብ የሚል የለም።

ሰቆጣ ባለችበት በዋግ ጉዳዩ በእጥፍ ይከብዳል። ኽምጣኛ ከብሌን፣ ከአዊኛና ከቅማንትኛ ጋር የአገው ቋንቋዎች ቤተሰብ ነው፤ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች አፍ መፍቻቸው እንደሆነ ተመዝግቧል። ብዙ አረጋውያን አማርኛን የለመዱት ኋላ፣ በገበያና በመንግሥት ቢሮ ነው። ፈረንሳዊው ቴኦዱል ሪቦ በ1881 እ.ኤ.አ. አዲሱ ትዝታ ቀድሞ እንደሚጠፋ፣ የጥንቱ እንደሚሰነብት ጽፎ ነበር። ይህ በሁሉም ታማሚ ላይ አይሠራም፤ ሁለቱን ቋንቋ እኩል የሚያጡ አሉ። በብዙዎች ላይ ግን የኋላው ይሸሽና የእናት ቋንቋ ይቀራል። የልጅ ልጆቹ ኽምጣኛ የማይሰሙ ከሆነ አሮጊቷ በገዛ ቤቷ እንግዳ ትሆናለች። የአንድ ሕዝብ ቋንቋ ከወላጅ ወደ ልጅ አለመተላለፉና የአንዲት ሴት አንጎል መታመሙ አንድ ጎጆ ውስጥ ሲገናኙ እንዲህ ነው።

ምርመራውም ያው ችግር አለበት። አያቴን አንድ ሆስፒታል ወስደናት ነበር። «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ተባለች። «ነገ ሚካኤል ነው» አለች። ሚካኤል 12 ነው፤ ዕለቱ 11 ነበር። መልሷ ትክክል ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ግን ስህተት ተብሎ ተመዘገበ። ከዚያ በአማርኛ የተነበበላትን ዓረፍተ ነገር እንድትደግም፣ ፊደል እንድትጽፍ ተጠየቀች። ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠች ሴት ናት። እንዲህ ያለ መመዘኛ ጤነኛዋን ታማሚ ሊያደርግ፣ ታማሚዋን ደግሞ «ያልተማረች ስለሆነች ነው» ብሎ ሊያሳልፍ ይችላል። የምርመራው የመጀመሪያ ጥያቄ «እማማ፣ አፍ የፈቱት በምን ቋንቋ ነው?» መሆን ነበረበት።

ቃሉ ሳይጠፋ ድምፁ ብቻ የሚጠፋበትም በሽታ አለ። ፓርኪንሰን እጅ የሚያንቀጠቅጥ ብቻ አይደለም፤ ከአሥር ታማሚዎች ዘጠኝ ያህሉ ጊዜው ይለያይ እንጂ ድምፃቸው ይዳከማል፣ ንግግራቸው ይደበዝዛል። አማርኛ ደግሞ ትርጉሙን በማጥበቅና በማላላት የሚለይ ቋንቋ ነው። «ይመታል» ላልቶ ሲነገር መቺውን ነው፣ ጠብቆ ሲነገር ተመቺውን። ጊዜን የሚመጥነው ጡንቻ ሲሰንፍ መቺና ተመቺ ይደባለቃሉ። ሰሚው «ምን አሉ?» እያለ ሲደጋግምባቸው ሽማግሌው መናገሩን ይተዉታል፤ ቤተሰቡም ዝምታቸውን ኩርፊያ ወይም መጃጀት ያደርገዋል። አእምሯቸው ግን ሙሉ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም ይልቅ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

የፓርኪንሰን ዋና መድኃኒት ሌቮዶፓ ነው። ማርኩስ ጉገንሃይም በ1913 እ.ኤ.አ. ከባቄላ የለየው ንጥረ ነገር ነው፤ በዋግ ደጋ በየማሳው ከሚበቅለው ከዚያው ባቄላ። መጠኑ ከእሸት እሸት ስለሚለያይ ባቄላ መብላት ክኒኑን አይተካም። ክኒኑም ቢሆን ለእጅና ለእግር የሚያደርገውን ያህል ለንግግር አያደርግም። ለንግግር የሚበጀው ልምምድ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ ጮክ ብሎ «አ…» እያሉ መቆየት፣ የቤት ሰው ስም ድምፅን ከፍ አድርጎ መጥራት። ይህን በወጉ የሚያሠለጥን የንግግር ሕክምና ባለሙያ ግን በአገራችን እጅግ ጥቂት ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የጀመረውም በ1998 ዓ.ም. ገደማ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ቡታጅራ ላይ ቤት ለቤት 60 ሺህ ያህል ሰው መርምረው የነርቭ በሽታ በገጠርም እንዳለ አሳይተዋል። ወይዘሮ ክብራ ከበደም ራሳቸው ፓርኪንሰን ይዟቸው ሳለ የታማሚዎችን ድርጅት መሥርተው አገሩን አንቅተዋል። ይህ ጥረት ሰቆጣ ድረስ ሊመጣ ይገባል።

የሰቆጣ ስም አንድ ትልቅ ቃል ኪዳን ተሸክሟል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ ቃል ገባ። ተገቢ ቃል ነው፤ ለአረጋውያንም ቢሆን ከሩቅ ይጠቅማል፤ ጥሩ የተመገበና የተማረ ልጅ በስተርጅና ለመርሳት በሽታ የመጋለጥ ዕድሉ ይቀንሳልና። የ1977ቱን ረሃብ በልጅነትና በጉልምስና ያሳለፉት ግን ዛሬ ሸምግለዋል። ለእነሱ የሚቀርበው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፦ የደም ግፊታቸውን መለካት፣ የጆሯቸውን መስማት ማየት፣ ኽምጣኛ የምታውቅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤታቸው ገብታ በቋንቋቸው እንድታነጋግራቸው ማድረግ።

ቤተሰብም ዛሬውኑ የሚያደርገው አለ። ንግግር የሚያደክመው በሽታ ጉሮሮንም ያደክማል፤ ውኃ ሲጠጡ ትን የሚላቸው ከሆነ ቀና ብለው ተቀምጠው፣ ትንሽ ትንሽ እየጎነጩ ይጠጡ፤ ምግብ ወደ ሳንባ ገብቶ የሚያመጣው የሳንባ ምች ብዙዎችን ገድሏል። ቃል ሲጠፋባቸው ቀድሞ አለመናገር፣ ዕቃውን እያሳዩ «ይሄ ነው?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው። አክስቴ አሁን ለልጅቱ የቤቱን ዕቃ ስም በኽምጣኛ እያስጻፈቻት ነው፤ ደብተሩ ሞሰቡ ላይ ይቀመጣል፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጀበና አለ።