ክበብ ምን ያደርጋል? ስለ ተማሪዎች የሥራ ቡድንና ስለ ተግባር ልምምድ

ባለፈው ሰሞን ከዚህ ሰሌዳ ሥር ቆመው የክበባትን ማስታወቂያ ሲያነቡ ከነበሩ ሠልጣኞች አንዱ «ክበብ ማርክ የለው፤ ታዲያ ምን ያደርግልኛል?» ሲል ሰማነው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ፈተና ሲደርስ ጊዜ እንዴት እንደሚያጥር እኛም እናውቃለን። ስለዚህ መልሱን ከጎረቤት ሙያ፣ ከምሕንድስና ተማሪዎች ዘንድ ልንፈልገው ወደድን። እነርሱ ዘንድ ነገሩ ገሃድ ነው፤ የተበየደ ብረት ወይ ይይዛል ወይ ይላቀቃል።

እንደሚታወቀው የምሕንድስና ተማሪ ከመመረቁ በፊት ወደ ፋብሪካ ወይም ወደ ግንባታ ሥፍራ ወጥቶ ይለማመዳል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ልምምዱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሴሚስተር ይወስዳል፤ በሌሎች ብዙ አገሮች የሚደረገው ግን ትምህርት በሚዘጋበት፣ ለእኛ ክረምት በሆነው ወቅት ነው። ሐሳቡ ቆየት ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 በአሜሪካ በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ኸርማን ሽናይደር የተባሉ መምህር 27 ተማሪዎችን ይዘው አንድ ሳምንት በክፍል፣ አንድ ሳምንት በፋብሪካ እያፈራረቁ ማስተማር ጀመሩ። በክፍል ውስጥ ብቻ ሊማሩት የማይቻል የሙያ ክፍል አለ ብለው ያምኑ ነበርና።

ችግሩ የክረምት ልምምድ አጭር መሆኑ ነው። ተማሪው ቀመሩን ያውቃል፤ ማንን መጠየቅ እንዳለበት፣ መሣሪያ ከማን ተረክቦ ለማን እንደሚመልስ ግን አያውቅም። ሥራ የበዛበት ፎርማን ደግሞ የማያውቀውን ልጅ ማሽን ላይ አያቆምም፤ «እስቲ ለጊዜው እያየህ ቆይ» ይለዋል። ይህ «ለጊዜው» ካልተጠነቀቁት እስከ መጨረሻው ቀን ይዘልቃል። ብዙ ልጅ ልምምዱን ሲያይ ቆይቶ፣ ሪፖርት ጽፎ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ነው የተማሪዎች የሥራ ቡድን ጥቅሙ የሚታየው። ለምሳሌ ያህል አንዱን እንመልከት። በአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ፎርሙላ ኤስ.ኤ.ኢ. የተባለ ውድድር ያካሂዳል። ተማሪዎች በቡድን ሆነው አንዲት ትንሽ የእሽቅድምድም መኪና ራሳቸው ነድፈው፣ ራሳቸው ሠርተው ይቀርባሉ። ውድድሩ ሩጫ ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ አይደለም። ከጠቅላላው 1000 ነጥብ 325ቱ የሚሰጠው መኪናዋ ቆማ ሳለች ነው። ዳኞች ንድፉን ይመረምራሉ፣ ወጪው እንዴት እንደተሰላ ይጠይቃሉ፣ ተማሪዎቹም ሥራቸውን በቃል ያስረዳሉ። ትልቁ የመንዳት ፈተና 22 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ መንገድ ላይ ቆማ የምትቀር መኪና ብዙ ናት። ቆማ የቀረችበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ትልቅ ስሌት አይደለም፤ ያልጠበቀ ብሎን ወይም የተፈታ ሽቦ ነው።

እንበልና አንዱ ተማሪ የመኪናዋን አጽም ይነድፋል፤ ሌላው ጎማውን ከአጽሙ የሚያያይዘውን ክንድ ይሠራል። ሁለቱም በየራሳቸው ወረቀት ትክክል ናቸው። ሲገጣጠም ግን ቀዳዳው ሦስት ሚሊሜትር ይስታል። ለምን? አንዱ የለካው ከብረቱ ጫፍ ተነሥቶ ነው፣ ሌላው ከመሐሉ። ፈተና ቢሆን ለእያንዳንዳቸው ጥሩ ማርክ ይሰጣቸው ነበር፤ እዚህ ግን «ለመግጠም ትንሽ ቀረው» ተብሎ ግማሽ ነጥብ የሚሰጥ የለም። ሌሊቱን አብረው ያድራሉ። በማግሥቱ ያ ተማሪ ፋብሪካ ሲገባ ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ይህ ልክ ከየት ተነሥቶ ነው የተለካው?» ብሎ ይጠይቃል። ፎርማኑም ቀና ብሎ ያየዋል። በእኛ አስተያየት ከቡድን ሥራ የሚገኘው ትልቁ ትርፍ ይህ ነው፤ የት እንደሚሳሳቱ ቀድሞ ማወቅና ሳያፍሩ በጊዜ መጠየቅ። የብየዳ ችሎታው በኋላም ይገኛል።

ሌላም አለ። ብሎን ከገበያ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት እንደሚፈጅ አንድ ጊዜ የቀመሰ ልጅ ዕቃ ቀድሞ ያዝዛል። ያጠፋውን የሚደብቅ ልጅ ቡድኑን እንዴት እንደሚጥል ያየም፣ ፋብሪካ ውስጥ ሲሳሳት ሳይውል ሳያድር ይናገራል።

ይህን ስንል ግን ስሙን አስመዝግቦ ፎቶ ግራፍ ሲነሡ ብቻ ብቅ የሚለውን አይጨምርም። እርሱን ልምምድ የሚቀበለው ኃላፊ በሁለት ጥያቄ ይለየዋል፦ «አንተ ራስህ የሠራኸው የትኛውን ነው? ምን ተበላሸባችሁ?» በአንጻሩ ቡድን ብሎ ትምህርቱን ጭራሽ የሚረሳም አለ፤ እርሱንም አናመሰግንም።

ጉዳዩ ከኛ ሩቅ እንዳይመስላችሁ። በአቅራቢያችን ባሕር ዳር ላይ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተቋቋመው ፖሊቴክኒክ በጨርቃ ጨርቅ፣ በእንጨት፣ በብረታ ብረት፣ በኤሌክትሪክና በእርሻ መሣሪያ ሙያ ያሠለጥን ነበር። በዚያው ከተማ መምህራንን ለማሠልጠን ከተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ ጋር በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ነው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሆኑት። መዶሻና ጠመኔ አንድ ግቢ ገቡ ማለት ነው። ከዚያም በፊት፣ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ እየወጡ ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም ያስተምሩ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። የኛ ልምምድ ትምህርት ቤት ክፍት በሆነበት ወቅት ነው፤ በክረምትማ ባዶ ወንበር ልናስተምር ነው? ባለፈው ልምምድ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ክበባችን ለሳይንስ ትምህርት ከቀርከሃ ሚዛን ሠርቶ ነበር። ቀርከሃ በአዊ ደጋ ሞልቷል፣ ዋጋውም አይከብድም። አንዱ ክንዱን ቆረጠ፣ ሌላው ቀዳዳውን በሳ። መሐሉን በሜትር ለክተን አንጠለጠልነው፤ ወደ አንድ ወገን አጋደለ። ቀርከሃ ከሥሩ ወፍራም፣ ከጫፉ ቀጭን መሆኑን ማን አስቦ! ሁለቱ ሳህኖች ከመሐሉ እኩል መራቅ ሲገባቸው አንደኛው የተለካው ከአንጓው ነው። ቀዳዳውን እንደገና በሳን፤ በቀለለው ጫፍ ላይ ጥቂት ሰም ለጠፍንና ተስተካከለ።

ከዚያ ሚዛኑ ከሁለት ሠልጣኞች ጋር እዚሁ ግምጃ ቤት ወደሚገኝ አንድ ክፍል ሄደ። በመንገድ ላይ ሰሙ ወድቆ ኖሮ ልጆቹ ፊት ሲሰቀል አጋደለ፤ ክፍሉም በሳቅ ሞላ። አንደኛው ሠልጣኝ ክበብ ገብቶ አያውቅም ነበርና ሚዛኑን አውርዶ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞረ። ሁለተኛዋ ግን ቀዳዳውን ከበሱት አንዷ ነበረች። «ለምን አጋደለ?» ብላ ልጆቹን ጠየቀች፤ ከደጅ ጭቃ አስመጥታ በቀለለው ጫፍ ላይ እነርሱው እየቀነሱ እየጨመሩ እንዲያስተካክሉ አደረገች። ክፍለ ጊዜው በዚሁ አለቀ፤ በዕቅዷ ላይ የጻፈችውን ግማሹን እንኳ አላስተማረችም። የተቆጣጠሯት መምህር ስለዚህ ነገር ምን ማርክ ይሰጡ እንደ ነበር መምህራኖቻችን ቢከራከሩበት ደስ ይለናል፤ ሰሌዳው ክፍት ነው።

ለዘንድሮው ሥራ የተቆረጠው ቀርከሃ ደርቋል። ክበቡ የሚሰበሰበው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። መጋዛችን አንዲት ብቻ ስለሆነች፣ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።