ያረጀውን በርጩማ ከመፋቃችሁ በፊት

ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ጌዶ፣ እንግዳ ሲበዛ ከጓዳ የሚወጣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ አይጠፋም። ብዙ ጊዜ የዋንዛ ነው፤ በኦሮምኛ ዋዴሳ የሚባለው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ስለሚወጣ መጋጠሚያም ምስማርም የለውም። ሦስት እግሩም ባልተስተካከለ የአፈር ወለል ላይ ሳይወላገድ ይቆማል።

ልጆች ቤት ሲያድሱ “የአያታችንን በርጩማ እናሳምርላቸው” ይሉና ለአናጢ ይሰጡታል። እሱም በመላጊያ ልጦ፣ በሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ቀብቶ ይመልሰዋል። እኔን ብትጠይቁኝ ይህ ማደስ አይደለም፤ አሮጌውን ጥሎ ሌላ መሥራት ነው። መቀመጫው ላይ ያለው ጥቁር ወዝ የስንት ዓመት የእጅ፣ የልብስና የጭስ ሥራ ነው። አንዴ ከተላጠ በገንዘብ አይመለስም።

መጀመሪያ ጽዳት ይሞከር። ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ተነክሮ በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ይበቃል፤ መዘፍዘፍ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ከዚያ ከማር ሰፈፍ ተነጥሮ የወጣ ሰም በስሱ ቀብቶ በደረቅ ጨርቅ ማሸት ነው። የተልባ ዘይት የሚመርጥም አለ። ዘይት የጠጣውን ጨርቅ ግን ጠቅልላችሁ ጥግ አትወርውሩ፤ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት። የተነቃነቀ የወንበር እግር ከሆነም ምስማር አትምቱበት፤ አሮጌውን ኮላ አጽድቶ፣ አዲስ ቀብቶ፣ በገመድ አጥብቆ ማሳደር ይሻላል።

ነርስነቴ ዝም የማያሰኘኝ ቀለም የተቀባው ዕቃ ላይ ነው። የቆየ የዘይት ቀለም እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖርበት ይችላል። አገራችን በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ በደንብ የወሰነችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተቀባ ቁምሳጥን ወይም የሕፃን አልጋ ሲፋቅ አቧራው የዋዛ አይደለም። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፣ ለነፍሰ ጡርም አደገኛ ነው። ቀለሙ ካልተላላጠ፣ ልጅም የማይነክሰው ከሆነ ይተው። መፋቅ ግድ ከሆነ ደጅ፣ በውሃ እየራሰ፣ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ርቀው ይሁን። በእሳት ማቃጠል ፈጽሞ አይሞከር። ፍቅፋቂው በፌስታል ታስሮ ይጣል፣ የሠራተኛውም ልብስ ለብቻው ይታጠብ።

ምስጥ ለሚያሰጋው ቤት ከእግሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አኑሩ፤ አልፎ አልፎም ገልብጣችሁ እዩት። ለማሳ የተገዛ ፀረ ተባይ ግን ልጅ የሚቀመጥበትን እንጨት አይንካ።