ክፉ ወሬ የሚፈራበት ቤት

መርዶ በአገራችን ሥርዓት አለው። ዘመድ አዝማድ ተመካክሮ ጎህ ሳይቀድ ይሄዳል፤ የሚደግፍ ሰው ከጎን ይቀመጣል። ኪራሙ በነርስነት ስሠራ፣ ደም ግፊት ላለባቸው አዛውንት መርዶ ሲነገር አብሬ እንድገኝ ይጠሩኝ ነበር። ሥርዓቱ ሰሚውን ብቻ ሳይሆን ነጋሪውንም ይጠብቃል፤ መርዶ ያመጣን ሰው «አንተ ነህ የገደልከው» የሚለው የለም።

ነጋሪ የሚቀጣበት መንግሥት ምን እንደሚገጥመው የእኔ እኩዮች አይተናል። በየካቲት 1980 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በኤርትራ ግንባር የናደው ዕዝ አዛዥ የነበሩትን ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔን አስረሸኑ። ወር ያህል ቆይቶ፣ በመጋቢት፣ የዕዙ መቀመጫ አፋቤት በሻዕቢያ እጅ ወደቀች። ሦስት የሶቪየት ወታደራዊ አማካሪዎች ሳይቀሩ ተማረኩ። መንግሥቱ የሽንፈቱን ወሬ ከሰሙ በኋላ በዚያው ወር «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ብለው አወጁ፤ ከሶማሊያው ዚያድ ባሬ ጋርም ተስማምተው የምሥራቁን ጦር ወደ ሰሜን አዞሩ። ፈጣን ውሳኔ ነበር፤ ይህን አልክድም።

የወለጋ እናቶችም ልጆቻቸው በብሔራዊ ውትድርና ሄደው ነበር። ከራዲዮ አዋጁን ሰሙ እንጂ የልጃቸውን ነገር አልሰሙም። ደብዳቤ ሲቋረጥ ነው የገባቸው። «ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፍ አጣሁ» እያሉ ወደ እኛ ይመጡ ነበር፤ ለቅሶ ሳይቀመጡ ያዘኑ ሴቶች።

እኔ ግን ከመጋቢቱ ይልቅ የካቲቱን አስባለሁ። አዛዡ ከተረሸነ በኋላ «ጦሩ ደክሟል፣ አይችልም» ብሎ የሚደፍር መኮንን ከየት ይመጣል? በዓመቱ ሽሬ ወደቀች፤ በግንቦት 1981 ጄኔራሎቹ ራሳቸው መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። በግንቦት 1983 መንግሥቱ አገር ጥለው ወጡ።

በቤታችንም ይኸው ነው። አንድ ልጅ «እዚያ ግቢ እንዳትደርስ» ተብሎ ሳለ ሄዶ ውሻ ነከሰው። ዱላውን ፈርቶ ቁስሉን በሱሪው ሸፈነ። የውሻ ንክሻ ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ክትባቱ በጊዜ ከተጀመረ ሰው ይተርፋል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ያመጡልን ውሃ መዋጥ ሲያቅተው ነው። አባትየው «ምነው ልጄ፣ ለምን አልነገርከኝም?» እያለ ደጋግሞ ሲጠይቀው፣ ልጁ ዓይኑን ወደ እናቱ አዞረ።