ሴፕሲስን በአንቲቦዲ፦ ከአዲስ አበባው ሙከራ እስከ አይደር

መቐለ ወደሚገኘው አይደር ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ከሚገቡ ሕሙማን መካከል ለሐኪሙ ፋታ የማይሰጡ አሉ፤ ትኩሳት ያቃጠላቸው፣ ትንፋሻቸው የፈጠነ፣ የደም ግፊታቸው የወረደ፣ ንግግራቸው የተምታታ። መነሻው የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የቁስል ማመርቀዝ ወይም ከወሊድ በኋላ የመጣ ትኩሳትም ሊሆን ይችላል። ሕመሙ ሴፕሲስ ይባላል። ሰውን የሚጥለው ታዲያ ጀርሙ ብቻ አይደለም። ጀርሙን ለመመከት የተነሳው የሰውነት መከላከያ ከልኩ አልፎ ኩላሊትን፣ ሳንባንና ልብን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 ብቻ በዓለም ዙሪያ 49 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደታመሙበት፣ 11 ሚሊዮን ያህሉም እንደሞቱ ተገምቷል።

አንቲባዮቲክ ጀርሙን ይገድላል። የተቆጣውን ሰውነት ማን ያብርደው?

ተመራማሪዎች ዓይናቸውን የጣሉት በአንቲቦዲ ላይ ነው። አንቲቦዲ ካነጣጠረበት ነገር ጋር ብቻ ተጣብቆ ሥራውን የሚያስቆም ፕሮቲን ነው። ሕክምናው አዲስ አይደለም። ቤሪንግና ኪታሳቶ እ.ኤ.አ. በ1890 የቴታነስንና የዲፍቴሪያን መርዝ በእንስሳት ደም ውስጥ በተገኘ አንቲቦዲ ማምከን እንደሚቻል አሳይተዋል፤ ነርሶቻችን ቲኤቲ እያሉ የሚወጉት የቴታነስ መድኃኒት የዚያ ሥራ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ ቲኤንኤፍ የተባለውን፣ የሰውነትን ቁጣ የሚያቀጣጥል ፕሮቲን በአንቲቦዲ መያዝ አይጦችን ከባክቴሪያ መርዝ እንደሚያድን ታየ።

በሰው ላይ ከተገኙት ግልጽ ማስረጃዎች አንዱ የመጣው ከኢትዮጵያ ነው። ይህ ሥራ ከሚታወቀው በላይ ሊታወቅ ይገባዋል።

ሥራው የተካሄደው በግርሻ ሕሙማን ላይ ነው። ግርሻ በሰውነት ቅማል የሚተላለፍ ትኩሳት ነው፤ መጨናነቅ፣ ብርድና የቅያሪ ልብስ እጦት ባለበት ሁሉ ይነሳል። በፔኒሲሊን ይድናል። ነገር ግን መርፌው ከተወጋ በኋላ ባክቴሪያው በአንድ ጊዜ ሲያልቅ በሽተኛው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ያሻቅባል፣ ቀጥሎም ግፊቱ ይወርዳል። አንዳንዱ በዚሁ ይሞታል። ሁኔታው ለሴፕሲስ እጅግ የቀረበ ነው፤ ልዩነቱ መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ መታወቁ ነው።

ዶክተር ዳንኤል ፈቃደ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸውና ከኦክስፎርዱ ዴቪድ ዋረል ጋር የተጠቀሙት በዚህ ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለግርሻ ሕሙማን ከፔኒሲሊኑ 30 ደቂቃ በፊት፣ ከበግ የተዘጋጀ ቲኤንኤፍን የሚይዝ አንቲቦዲ በደም ሥር ሰጡ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1996 በታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ወጣ። አንቲቦዲውን ካላገኙት 29 ሕሙማን 26ቱ ያ መንቀጥቀጥ ሲይዛቸው፣ ካገኙት 20 መካከል ግን የያዛቸው 10 ብቻ ነበሩ። በሁለተኛው ቡድን ትኩሳቱ የጨመረው በአማካይ 0.8 ዲግሪ ሲሆን በመጀመሪያው 1.5 ዲግሪ ነበር።

በሴፕሲስ ላይ ግን የአንቲቦዲ ተስፋ አልሠመረም። ከአዲስ አበባው ሙከራ ውጤት በፊት፣ ሴንቶክሲን የተባለው አንቲቦዲ እ.ኤ.አ. በ1991 ብዙ ተወርቶለት በ1993 ቆመ። ከበግ የሚዘጋጅ ፀረ-ቲኤንኤፍ አንቲቦዲም እ.ኤ.አ. በ2012 በሴፕሲስ ሕሙማን ላይ ጥቅም ባለማሳየቱ አስትራዜኔካ ተወው። ምክንያቱ ከአዲስ አበባው ሙከራ ጋር ሲተያይ ይገባል። የግርሻ ሕመምተኛ መነሻው አንድ ጀርም ነው፤ አንቲቦዲውም ቁጣው ሳይነሳ ደረሰለት። የሴፕሲስ ሕመምተኛ ግን ሆስፒታል ሲደርስ ቁጣው ከተነሳ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት አልፈዋል፤ የአንዱ መከላከያ ገና ሲጋጋል የሌላው ተዳክሞ ይገኛል። ለሁለቱ አንድ መድኃኒት መስጠት አንዱን ሊጎዳ ይችላል። በአንጻሩ በኮቪድ የከፋ ሕመም የሕሙማኑ ሁኔታ ይበልጥ ተመሳሳይ በመሆኑ ቶሲሊዙማብ የተባለ አንቲቦዲ ሕይወት አትርፏል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 እንዲሰጥ መክሯል።

ስለዚህ ለሴፕሲስ የመጀመሪያው ነገር አሁንም አንቲባዮቲክ፣ የደም ሥር ፈሳሽና ኦክስጅን ነው፤ የደም ካልቸር ሳይረሳ፤ ጀርሙን ለይቶ በየትኛው መድኃኒት እንደሚሸነፍ የሚናገር እሱ ነውና። አይደር በትግራዩ ጦርነት ዓመታት እነዚህንም አጥቶ አይቷል፤ ሐኪሞቹ የመድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ማለቁን በአደባባይ ተናግረዋል። አንቲቦዲ ከመምጣቱ በፊት አቅርቦቱና ላቦራቶሪው መጽናት አለባቸው፤ ሕመምተኛውን እንደ መከላከያው ሁኔታ ለይቶ ማከም የሚቻለውም ያኔ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ትኩሳት ያለበት ሰው ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ከተምታታበት፣ ሽንቱ ካነሰ ወይም አራስ ሕፃን ጡት መጥባት ካቆመ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።