ጠምበለል በአቃቂ ቃሊቲ ግቢ

ጠምበለል በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የሚበቅል፣ ዛፍ ላይ ተጠማዝዞ የሚወጣ ሐረግ ሲሆን ቤተሰቡ ከወይራ ጋር አንድ ነው። በዚህ ስም የሚጠሩት ዕፅዋት በቅጠላቸው ይለያሉ። በመናገሻ ሱባ ደን የሚታየው ሦስት ሦስት ቅጠል አለው፤ ሌላው ደግሞ በአንድ ዘንግ ላይ አምስት ወይም ሰባት ትንንሽ ቅጠሎች ይደረድራል። የዚህኛው የቅርብ ዘመድ በፈረንሳይ ግራስ ከተማ ለሽቶ ሲመረት የኖረው ጃስሚን ነው። የጠምበለል አበባ ውስጡ ነጭ፣ ጀርባው ቀላ ያለ ነው። ፈረንጆች አጥራቸው ላይ የሚያወጡት ሃኒሳክል በመዓዛውና በሐረግነቱ ቢመስለውም ዘመዱ አይደለም።

አቃቂ ቃሊቲ ላይ የጠምበለልን ዕድል የሚወስነው አፈሩ ነው። ጥቁሩ መረሬ በክረምት ውሃ ቋጥሮ ሥር ያፍናል፤ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቅና ቀጫጭን ሥሮችን ይበጥሳል። ስለዚህ ተክሉን ከበጋው ጥማት ይልቅ የሐምሌና የነሐሴ ውሃ ይገድለዋል። መፍትሔው ጉድጓድ ማጥለቅ አይደለም፤ በመረሬ ውስጥ የተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ከማጠራቀም ሌላ ጥቅም የለውም። ይልቁንም መደቡን በድንጋይ ከፍ አድርጎ ከብስባሽና ከቀዳዳማው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ጋር የተደባለቀ አፈር መሙላት ይሻላል። ብዙ ግቢ ደግሞ ቤቱ እንዳይሰነጠቅ መረሬው ተነሥቶ ገረጋንቲ የተሞላበት ነው። እዚያ ውሃው ይወርዳል፤ ምግብ ግን የለም፤ ብስባሽ በየዓመቱ መጨመር ያስፈልጋል።

ችግኝ ለማግኘት ቀላሉ መንገድ ከነባር ተክል አንድ ሐረግ ጎንበስ አድርጎ ወገቡን አፈር ማልበስ ነው። ሥር ሳይዝ ከእናቱ አይቆረጥም። ከፊሉ የጠነከረ ቁራጭም በጥላ ሥር እርጥበቱ ከተጠበቀለት ይጸድቃል። የመትከያው ወቅት ሰኔ ነው፤ መደቡ ከፍ ካላለ ግን ዝናቡ እስኪያባራ መጠበቅ ይሻላል።

ጠምበለል እንደ ወይን መጨበጫ ስለሌለው በመጀመሪያው ዓመት በልል ክር ከሽቦ ጋር ይታሰራል። የቆርቆሮ አጥር ቀን ላይ ስለሚግል ሽቦውን ከቆርቆሮው ጥቂት ማራቅ ቅጠሉን ከመቃጠል ያድነዋል። በበጋ ሳያቋርጡ ጥቂት ጥቂት ከማርከፍከፍ ይልቅ አልፎ አልፎ አጥግቦ ማጠጣት ሥሩን ወደ ታች ይስባል። ለዚህ ግን የአቃቂ ወንዝ ውሃ አይመረጥም፤ የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ ይገባበታል።

መግረዝ አበባው ከረገፈ በኋላ ነው። አስቀድሞ የሚገርዝ ሰው ሊያብብ የተዘጋጀውን ቀንበጥ ይጥላል። የደረቀውና የተጠላለፈው ሐረግ ከሥሩ ይነሣል፤ ካልሆነ ተክሉ አናቱ ላይ ብቻ ለምልሞ እግሩ ራቁቱን ይቀራል። በለጋው ጫፍ ላይ ክሽክሽ ሊወጣ ይችላል። ጉንዳን በሐረጉ ላይ ሲመላለስ ከታየ ምልክቱ ነው፤ ቀድሞ ከተደረሰበት በሳሙና ውሃ ማጠብ ይበቃዋል።