ያውቁ ኖሯል? አፏን ሳትከፍት የምታወራው ድመት

እ.ኤ.አ. በ1993 ዲዝኒ የሚናገሩ ድመቶች ያሉባቸውን ሁለት የቤተሰብ ፊልሞች በወራት ልዩነት አወጣ። አሠራራቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነበር።

በ«ሆምዋርድ ባውንድ» የምናያት ሳሲ እውነተኛ ድመት ናት፤ ድምፅ የሰጠቻት የሁለት ኦስካር ባለቤቷ ሳሊ ፊልድ ነች። ሳሲ አፏ ለንግግር አይንቀሳቀስም፤ ድምፁ ከላይ የተደረበ ነው። ያም ሆኖ ተመልካች ዓይኗንና አረማመዷን እያየ የምትናገረው እሷው እንደሆነች ያምናል። ይኸው ታሪክ በ1963 ሲቀረጽ እንስሳቱ አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ የሚተርክላቸው ሌላ ሰው ነበር።

በ«ሆከስ ፖከስ» ደግሞ የጥቁሩን ድመት የቢንክስን አፍ ያንቀሳቀሰው ኮምፒውተር ነው። ቢንክስ ሰው ሆኖ ሲታይ ተዋናዩ ሾን መሪ ነው፤ የምንሰማው ግን ያኔም ቢሆን የጄሰን ማርስደንን ድምፅ ነው።

ከሁሉም ልብ የሚነካው ግን የጃፓኑ ድመት ጂጂ ነው። ሃያኦ ሚያዛኪ በ1989 በሠራው የትንሿ ጠንቋይ የኪኪ ፊልም፣ ልጅቷ በራሷ መተማመን ሲያቅታት የድመቱ ንግግር አይገባትም። በመጨረሻ ዳግም መብረር ብትችልም፣ ጂጂ ትከሻዋ ላይ ወጥቶ «ሚያው» ብቻ ይላል። ዲዝኒ በ1998 ባወጣው የእንግሊዝኛ ቅጂ ግን ድመቱ መጨረሻ ላይ እንደገና እንዲናገር ተደርጓል። በዚያች አንዲት ንግግር ብቻ የፊልሙ ፍጻሜ ስሜት ተለወጠ፤ የጃፓንኛው ዝምታ ልጅቷ ማደጓን የበለጠ ይናገራል።